አባቴ፣ የወሎ ሰፈሩ ትራፊክ

አባቴ ከጦርነቱ ግራ እግሩን የመድፍ ፍንጣሪ መትቶት ሲመለስ፣ ዘመድ ሁሉ ከእንግዲህ ቤት ተቀምጦ ይጦራል ብሎ ነበር። እሱ ግን እንዳገገመ ፖሊስ ሆነ፤ ያውም ቀኑን ሙሉ የሚያስቆመውን ሥራ መርጦ፣ ትራፊክ። ወሎ ሰፈር መስቀለኛው ላይ ዓመታት ቆመ። እናቴ "በዚህ እግርህ?" ስትለው፣ "መድፍ ያልጣለኝን ሚኒባስ ይጥለኛል?" ይላት ነበር። እያነከሰ መኪና ሲያሳልፍ ከሩቅ ላየው እስክስታ የሚወርድ ይመስል ነበር።

ሾፌሮቹ ይፈሩታል፣ ይወዱታልም። የገዛ ወንድሙን ቀበቶ ባለማሰሩ ቀጥቶ፣ ወዲያው ምሳ ጋብዞታል።

የሠርጌ ቀን ግን ባሰበት። ባለቤቴ የካ አባዶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ወስዶኝ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለው አዳራሽ ስንሄድ፣ ወሎ ሰፈር መብራቱ ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ጠበቀን። አባዬ ሽማግሌዎቹን በጫነው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላችን ነበር። ድንገት ቪዲዮ ቀራጩ፣ "እንዴ፣ አባትሽ አይደሉም?" አለኝ። አባዬ ሙሉ ሱፉን ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ እንደሰካ መሃል መንገድ ቆሟል። ፊሽካ ስላልያዘ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ያፏጫል። የአሸዋ መኪናውን አሳለፈ፣ አውቶቡሱን አሳለፈ፤ እኛ ስንጠጋ መዳፉን ዘረጋብን።

ባለቤቴ መስኮቱን አውርዶ፣ "አባባ፣ እኛ እኮ ነን። ያሳልፉን እንጂ" አለው።

"አይቻችኋለሁ ልጄ። ሙሽራም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል።"

ከሳቄ ብዛት ኩሌ ጉንጬ ላይ ወረደ። ከጎናችን በቆመው ታክሲ የተሳፈሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ግማሽ ሰዓት ያህል ካስቆመን በኋላ ለቀቀን፤ ስናልፍ ቀጥ ብሎ የወታደር ሰላምታ ሰጠን። እሱ ግን መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ቀረ። መራቂው እሱ ስለነበር ምግቡ ሳይነካ ጠበቀው። በመጨረሻ በአንድ የውሃ ቦቴ ጋቢና ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ኳስ እያየ ልቡ ቆመ። ድምፄ እስኪጠፋ አለቀስኩ። ብሎኮቹ መሃል ድንኳን ተተከለ። አንድ የጦር ሜዳ ጓደኛው ተነስቶ፣ "በቆሰለ እግሩ ተሸክሞኝ ሲሄድ፣ 'አንተ ሰውዬ ከብደሃል፣ ከዛሬ ጀምሮ የስንቅ ኮቾሮህን ለእኔ ነው የምትሰጠው' ይለኝ ነበር" ሲል ለቀስተኛው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቅኩ።

በማግስቱ ሳጥኑ ሊወጣ ሲል የድሮ ወታደሮቹና ፖሊሶቹ ተጣሉ።

"ከእኛ ጋር ነው የደማው፣ እኛ እንሸከመዋለን" አሉ ወታደሮቹ።

"ከእኛ ጋር ነው ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት" አሉ ፖሊሶቹ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ፣ "ደረጃውን ፖሊሶቹ ልጆች ያውርዱት፣ ከታች እናንተ ትቀበላላችሁ" አለቻቸው ሽማግሌዎቹን ወታደሮች። "አራት ፎቅ ነው። ሌላ ቀብር አልችልም።"

እንዳለችው ሆነ። ፖሊሶቹ አወረዱት፤ በሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀብለው፣ "ግራ፣ ቀኝ" እየተባባሉ፣ እርምጃው ግን አንዴም ሳይገጥምላቸው ተሸክመውት ሄዱ። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ፣ "አትሳቂ፣ ሰው ያያል" አለችኝ። የእሷም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር።