የልብስ ሰፊዋ እውነተኛ ቁጣ

ልብስ ሰፊዋ በትዳር ዘመኗ አንድም ቀን በወጉ ተቆጥታ አታውቅም። ኧረ ቁጣስ አላጣችም፤ የሚያስጨርሳት ጠፍቶ ነው እንጂ! ገና ድምጿን ከፍ ስታደርግ ባሏ ቀለም ቀቢው ብድግ ይልና ጭማቂ ቀድቶ ይመጣል።

«ስኳርሽ ወርዶ ነው፣ የኔ እመቤት። ጠጪ።»

ስኳር ሲወርድ ሰው ያነጫንጫል፤ አንዳንዴም እውነትም ወርዶ ስለሚገኝ ሰውዬው ሁልጊዜ እንደ ረታ ይኖራል። ሴት ልጃቸውም ከአባቷ ተምራ፣ «ክፍልሽን አጽጂ» ስትባል ከረሜላ ይዛ ከች ትላለች።

የስኳር በሽታው የያዛት በልጅነቷ ነው። የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ጠላት አገኘሁ ብሎ፣ ቆሽቷ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ህዋሳት ፈጃቸው። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በመርፌ ሆነ፤ በአንዱ ልብስ ትሰፋለች፣ በሌላው ራሷን ትወጋለች። ሰው ተናዶ «ቆሽቴ አረረ» ሲል ከሰማች፣ «የኔስ አርሮ ካለቀ ቆየ» ብላ ታስቃለች።

አምና ሆስፒታሉ ገና በሙከራ ላይ ላለ ሕክምና መረጣት። ከሰውነቷ ጥቂት ህዋሳት ወስደው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ አባዝተው፣ ኢንሱሊን ማመንጨት እስኪችሉ አሳድገው ሆዷ ውስጥ መለሱላት። ሐኪሟ ተስፋ ስትሰጥ የምትሰስት ሴት ናት። «ችግኙን ተክለናል፤ ይጽደቅ አይጽደቅ እናያለን» አለቻትና የመርፌውን መጠን ቀስ በቀስ ትቀንስላት ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ሰው ፊት «ባይሆንስ? መርፌው እንደሆነ የትም አይሄድ» ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ሆዷን ዳበስ አድርጋ፣ «በርቱ እንግዲህ፣ እንዳታሳፍሩኝ» ትላቸዋለች።

በመጨረሻ ሐኪሟ እንዲህ አለቻት፦ «ከነገ ጠዋት ጀምሮ መርፌውን ተይው። ከምሳ በኋላ ቆየት ብለሽ ለኪ። ከፍ ካለ ደውይልኝ፤ ወደ መርፌው እንመለሳለን። ልክ ከሆነ ግን ህዋሳቱ ሥራ ይዘዋል ማለት ነው።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ጭንቀቱ እንዳይገድላት እህቷ ቤት ሄደች፤ ምሳዋንም እዚያው እስክትጠግብ በላች። ቀለም ቀቢው ደግሞ ቤት ቀርቶ ቁጭ ማለት አቃተው። ሰውዬው ሲጨንቀው ይቀባል፤ ሌላ ጸባይ የለውም። ሚስቴን ላስደስት ብሎ፣ ከአንድ መጋዘን ሥራ በተረፈው ጥቁር ቡኒ ቀለም የስፌት ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቀው።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምንድን ነው ያደረግከው? ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው የምለየው በዚያ ነጭ ግድግዳ ብርሃን አልነበር? ሳትጠይቀኝ! አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ወርውሮ ወጥ ቤት ገባ፤ ጭማቂውን ይዞ ሲመለስ ግማሹን መንገድ ላይ ደፍቶታል።

«ስኳርሽ ወርዶ ነው።»

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ አልተወጋችም» አለች ልጅቷ። «በምን ይወርዳል?»

«እንግዲያ ወጥቶ ነዋ» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ልብስ ሰፊዋም ፈራች፤ የልፋቱ ሁሉ መጨረሻ እዚህ ላይ ነው። ጣቷን ወግታ ደሟን መለኪያው ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። «አንቺ አንብቢው» አለቻት ልጇን።

«መቶ አስር» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ጮኸች፤ «እማዬ፣ መቶ አስር ነው! ልክ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ልብስ ክምር ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ደስታ ነው፤ እንዲያ ያለ ደስታ አይታ አታውቅም። ባሏም አጠገቧ ተቀምጦ በቀለማም እጁ እንባውን ሲጠርግ ግንባሩ ሁሉ ቡኒ ሆነ። አየችው፤ ግድግዳውን አየች፤ ብድግ አለች።

«አሁንም ተናድጃለሁ!»

«እንዴ!»

«ስኳሬ ልክ ነው። የተናደድኩት ባንተ ነው!»

ቀለም ቀቢው የሚያቀርበው ጭማቂ አጣ። «ቡኒ እኮ ቆሻሻ አያሳይም ብዬ ነው» አለ ቢቸግረው።

«ማን ጠየቀህ? መጋዘን ነኝ?»

እሱም መለሰ፣ እሷም ጨመረች፤ ጩኸታቸው መንገድ ተሻገረ። እሷማ የዓመታቱን ቅሬታ ሁሉ አንድ በአንድ አወጣችለት፤ ስታወጣ ደግሞ ፊቷ ያበራል። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። በመጨረሻ ጎረቤታቸው አሮጊቷ ለግልግል በሩን እየደበደቡ መጡ።

«ኧረ በሰላም! ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

ቀለም ቀቢው በሩን ከፈተ፤ ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

«ይግቡ እማማ፤ እየተጣላን ነው» አለ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»