ቀይ ምላስ

ቦርሳዬ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ከረሜላ አይጠፋም። ለሥራ ባልደረቦቼ ጣፋጭ ወዳጅ እመስላቸዋለሁ፤ እኔ ግን አንዱንም ቀምሼው አላውቅም።

በልጅነታችን ጉለሌ ውስጥ ፍልሰታ የእኛ የልጆቹ ጾም ነበር። ቅዳሴ እስኪያልቅ ውኃ እንኳ ሳንቀምስ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ እየተንቀጠቀጥን ቤተ ክርስቲያን እንውላለን። የጾመ ልጅ ምላሱ ነጭ ነው ይባል ስለነበር የሁሉንም ምላስ የምመረምረው እኔ ነበርኩ። ማን እንደሾመኝ እንጃ። እናቴ «የኔ ጳጳስ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። «የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅም» ስትልም እሰማታለሁ፤ እኔ ግን ምላስ ካየሁ ሆድ ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ሰብለ ለሰፈራችን አዲስ ነበረች፤ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አንድ ቀን በቅዳሴው መሀል ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ ስትመለስ ያዝኳትና ምላሷን እንድታሳየን አዘዝኳት። አፏን ገጠመች። ልጆቹ ሲከቧት ግን ከፈተችው፤ ቀይ ነበር።

«ገድፋለች» አልኩ። ከኪሷ የቀሩትን ከረሜላዎች አውጥቼ ጎርፍ ውስጥ ጣልኳቸው።

«እባክሽ፣ አንዷን ብቻ ተይልኝ» አለችኝ። ሆዳም ናት ብዬ ፈረድኩባት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ኋላ ቀረች። በዚያ ብርድ ፊቷን ላብ አጥምቆታል። ስንጠራት የማይገናኝ ነገር ትመልሳለች፤ እግሯም ይወላገዳል። «ታስመስላለች፣ ተዉአት» ብዬ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ጥቂት ሄጄ ዞር ስል ጭቃው ላይ ተዘርራ ትንፈራገጣለች።

እናቷን ሮጬ ጠራሁ። ስኳር በእፍኟ ይዛ መጥታ ድዷን እያሸችላት «ከረሜላዋስ? ኪሷን ሞልቼላት ነበር እኮ» አለች። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን፣ በየቀኑ መርፌ እንደምትወጋ፣ የንስሐ አባቷም እንዳትጾም እንዳዘዟት የሰማነው ያኔ ነው። ከእኛ ላለመለየት ብቻ ነበር አብራን የምትውለው። እናቷ ደግሞ «ሴት ልጅ ናት፣ በሽተኛ ይሏታል» ብላ ለማንም እንዳትናገር አስምላታለች። ሰብለ አልነቃ ስትል ለእመቤቴ ያልተሳልኩት ስለት አልነበረም።

በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ያለችውም «እማዬ፣ እኔ አልነገርኳቸውም» ነበር።

ዛሬ ሰብለ አዲሱ ገበያ ካፌ ቁጭ ብላ መርፌዋን ያለ ሐፍረት ትወጋለች፤ ላፈጠጠባት ሁሉ «ስኳር ነው» ትላለች። የዛሬ ልጆችም ምላስ መመርመሩን የተዉት ይመስለኛል። እኔ ግን ፍልሰታ ሲገባ እጄ ሳላዘው ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል። ከአንድ በላይ ከረሜላ መኖሩን በጣቴ ካልዳሰስኩ ቅዳሴው አይሰማኝም።