ፎርማት ክልክል ነው

ሴትዮዋ እጅጌው የተጠቀለለ የወንድ ኮት ለብሳ፣ በጋቢ የጠቀለለችውን አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፋ ከወናጎ ዲላ መጣች። ጠጋኙ ሙሐሲን እንደ ልማዱ፣ «ፎርማት ላድርገው?» አላት።

«ያለው ፎቶ ሁሉ ሊጠፋ? እስቲ ንካውና ጉድህ ይፈላል!»

«እናቴ፣ እኔ ጋ ያለው አዲሱ ዊንዶውስ ፎቶው ያለበት ዲስክ የተሰካበትን የድሮ ካርድ አያውቀውም። ጊዜው አልፎበታል፣ ይተዉት።»

«እሱ ካላወቀው የሚያውቀውን አምጣ። እኔ እንደሆነ አልነሳም።» ጫማዋን አውልቃ በርጩማው ላይ ተደላደለች።

ደንበኛ ሁሉ እሷን እየዞረ ሲገባ ሙሐሲን ተሸነፈ፤ አሮጌ ዊንዶውስ የተጫነበትን የራሱን ዲስክ ፈልጎ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካ። ካርዱ ታወቀ፣ ፎቶዎቹም ተከፈቱ። እሷ የለበሰችውን ያንኑ ኮት የለበሰ ሰው ስክሪኑ ላይ ፈገግ ሲል፣ ከሰው ዓይን ልትከልለው ጋቢዋን ጣል አደረገችበት።

«በል፣ አሁን ውጣልኝ፣ ብቻችንን ተወን» አለችው፣ ከገዛ ሱቁ።