እሺ ለማለት እስከ ጋሊና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡40 — ቤት

ከሱብሂ ሶላት በኋላ መልሼ አልተኛሁም። ሰማዩ እስኪገረጣ በመስኮት እያየሁ ቆየሁና ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የወንድሜ የሰዒድ ብስክሌት እዚያ በሰንሰለት ታስሯል። ሰዒድ መኪና ከገዛ ወዲህ ስለማይነዳው ለእኔ ተወልኝ፤ ግን ሰዒድ ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማል፣ ብስክሌቱም እንደ ባለቤቱ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ብረት ከፍ ያለ ስለሆነ ቀሚሴን በልብስ መቆንጠጫ ሰብስቤ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተንጠራርቼ ነው የምወጣው። ስቆም እግሬ መሬት አይደርስም፤ እዘላለሁ። ሚያዝያ ውስጥ ስዘል ወድቄ ጉልበቴ ተሰፋ። እናቴ ያን ቀን ቃል አስገባችኝ፤ አንዴ ከደገመኝ ብስክሌት የሚባል ነገር ያበቃል።

ያለ ድምፅ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ስዞር እናቴ በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች። «ንፉግም ብትሆን ስጫት።»

ንፉግ የተባለችው ዶና ናት፤ ጋሊና ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ገበሬ። ዛሬ የምሄደው እሷ ጋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አይ ያልኳትን፣ ዛሬ እሺ ልላት።

ከጠዋቱ 12፡10 — ከክሊቭላንድ አቬኑ ወደ ወንዙ

ክሊቭላንድ አቬኑን እንዲህ ባዶውን ሳየው የሌላ ሰው ሰፈር ይመስለኛል። ሥጋ ቤቱ ዝግ፣ ጸጉር ቤቱ ዝግ፣ የሃዋላው ቢሮ ዝግ። አንድ አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ማንንም ሳይጭን አለፈ። አንዲት ሴት የዳቦ ቤቷን ደጃፍ እየጠረገች ነው፤ አንገቴን ሰበር አድርጌ አለፍኳት፣ እሷም በመጥረጊያው እጀታ ሰላም አለችኝ።

ከዚያ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ ይጀምራል። የከተማው ድምፅ ከኋላዬ እንደ በር ተዘጋ። ጉም ከውኃው ላይ እስከ ወገቤ ተነስቷል፤ ጎማዬን አላየውም፣ ድምፁን ብቻ እሰማዋለሁ። ሁለት አጋዘኖች መንገዱ መሐል ቆመው አዩኝ። እኔም ፔዳሉን ትቼ በራሱ እየተንሸራተተ እንዲሄድ ለቀቅሁት። ከመሸሽ ይልቅ ቀስ ብለው ዳር ያዙልኝ፤ እንግዳ የሚያሳልፉ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ኒው አልባኒ በሚገኝ፣ መስኮት በሌለው ሕንፃ ውስጥ የመድኃኒት ዕቃ ጥራት እመረምራለሁ። እዚያ ማውራት ስለማይጠይቅ ይስማማኛል። ግን ቅዳሜ ጠዋት ከብስክሌት ላይ ሆኜ፣ ሳላስበው፣ ድምፄን አውጥቼ ለዛፎች ሳወራ ራሴን አገኘዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ለእናንተ ጻፍኩት።

12፡55 — ዌስተርቪል

ሻይና ቤግል የሚሉት አንድ ክብ ዳቦ፤ አምስት ዶላር ከምናምን። ውጭ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። አጠገቤ የብስክሌት ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ብስክሌቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ብስክሌቱን አዩ። ይህ ያንቺ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የወንድሜ ነው አልኳቸው። አዎ፣ እንደዚያ ይመስላል አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ዶና መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታ እንጆሪ ትሸጣለች። እንጆሪ ልገዛ ስቆም እንደ ልማዴ ዘልዬ ስንገዳገድ አየችኝ። ምንም ሳትል ከቤቱ ኋላ ካለው ቀይ መጋዘን አንዲት ሰማያዊ ብስክሌት እየገፋች አመጣች። መሐሏ ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ እንደ ወንበር የሚቀመጡባት፣ ፊቷ ላይ የቀርከሃ ቅርጫት ያላት። የራሷ ነበረች፤ ጉልበቷ መታጠፍ እምቢ ካላት ጀምሮ ቆማለች። «ውሰጃት፣ ያንቺ ትሁን» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «አይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ» አለ።

«እሺ» አለች ዶና፤ ብስክሌቷንም ወደ መጋዘኑ መልሳ አስገባቻት።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ብስክሌቷን ይዛ ተመልሳ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። የወጣችው ግን የእንጆሪዬን ካርቶን ይዛ ነበር።

ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ መጀመሪያ አመሰገነችኝ። አንዴ ሲሰጡሽ ዘለሽ አለመቀበልሽ ጎሽ፣ ያሳደግኩሽ ልጅ ነሽ አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ታዲያ ሴትዮዋ እንዴት አንዴ ብቻ ጠይቃ ትተዋለች፣ ከልቡ ያልሰጠ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው አለች። ሰዒድ ሶፋው ላይ ተኝቶ ይስቃል።

«እዚህ አገር አንዴ ኖ ካልሽ ኖ ነው። ኦፈር አደረገችልሽ፣ ሪጄክት አደረግሻት፤ አለቀ። ሁለተኛ ብትጠይቅሽ ነበር ብልግና የሚሆነው።»

«በሞቴ ሳይባል የተሰጠ ነገር ምኑ ስጦታ ነው?» አለች እናቴ።

1፡40 — ከሐይቁ በላይ

ከዌስተርቪል ወዲያ መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ይመስለኛል፣ ቀጥ ያለና ለጥ ያለ ሆኖ በዛፎች መካከል ይሄዳል። ቅርንጫፎቹ ከላይ ገጥመዋል፤ ፀሐይ በቀዳዳው እየገባች አስፋልቱ ላይ ሳንቲም የበተነች ትመስላለች። ከዚያ ድንገት ዛፉ ያልቅና በቆሎ ብቻ ይሆናል። ወገብ ደርሷል። ነፋሱ ሲነካው ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ይተነፍሳል። ትከሻው ላይ ቀይ ያለበት ጥቁር ወፍ ከአጥር እንጨት ወደ አጥር እንጨት እየዘለለ አብሮኝ ተጓዘ። በስተቀኝ የሐይቁ ውኃ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሰብኩም። የት እንደምሄድም ረሳሁት፤ መንገዱ ራሱ የሚወስደኝ መሰለኝ።

ያስታወሰኝ ጉልበቴ ነው። ጠባሳው ሲያሳክከኝ ዓረፍተ ነገሬን መለማመድ ጀመርኩ። «ባለፈው ሳምንት…» አልኩ ለበቆሎው። አሁንም «ባለፈው ሳምንት ያልኩት…»። ከዚያ አልፎ አይወጣልኝም። የሰጡኝን አለመቀበል ተምሬያለሁ። ያልተቀበሉትን ተመልሶ ሄዶ መጠየቅ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከልመና በምን እንደሚለይ እንኳ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ልመለስ አስቤ ነበር። ለመመለስም ግን መጀመሪያ መቆም፣ ለመቆምም መዝለል ነበረብኝ፤ ስለዚህ ሄድኩ።

2፡20 — የዶና ቤት

የእንጆሪው ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ወዲያ አሮጌ ፒክአፕ የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ከወንበሮችና ከቁም መብራቶች መካከል ሰማያዊዋ ብስክሌት ተጭናለች፤ እጀታዋ ላይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ዶና በገመድ እያሰረቻት ነው።

ዘለልኩ። ቀሚሴ ብረቱን ያዘው፤ ወደ ጎን ሄድኩና አጥሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። አልወደቅሁም። ሳምቡሳው ግን ሣር ላይ ነው።

ዶና ገመዱን እንደያዘች አየችኝ። ይህ ብስክሌት አንድ ቀን ይገድልሻል አለች። ዕቃዎቹን ለቤተ ክርስቲያናቸው የበጎ አድራጎት ሽያጭ ልትወስድ መሆኑን ነገረችኝ፤ በአራት ሰዓት ይጀመራል።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ። ፎይሉን አንስቼ ሣሩን እያራገፍሁ፣ እሷን ሳይሆን ሳምቡሳውን እያየሁ ተናገርኩ።

«ብስክሌቷን ፈልጌያት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይ አልሽኝ?»

«እኛ ጋ መጀመሪያ ሲሰጡሽ እሺ አይባልም። ስግብግብ ያስመስላል። በሁለተኛውም አይባልም። በሦስተኛው ነው።»

ዶና ማሰሯን አቆመች። ገመዱ ከእጇ ላላ።

«እና እኔ ሁለት ጥያቄ አጉድዬ ገባሁ?»

«አዎ።»

«እዚህ ቆመሽ የነበረው ለዚያ ነው? እኔ እኮ እንጆሪው እስኪመጣ መስሎኝ ነበር።»

ፊቴ ጋለ። ዶና ግን ገመዱን ፈታች፣ ብስክሌቷን አወረደች፣ የዋጋውን ወረቀት በጥሳ ኪሷ ከተተች። ከዚያ እጀታዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች፤ መሐላ የምታስፈጽም ትመስል ነበር።

«ብስክሌቷን ትፈልጊያለሽ?»

አፌ፣ አላህ ይይለትና፣ «አይ» አለ።

አንድ ጣት አወጣች። «ትፈልጊያለሽ?»

«አይ፣ ግድ የለም» አልኩ፤ አሁን እየሳቅሁ ነው።

ሁለተኛ ጣት። «ትፈልጊያለሽ?»

«እሺ።»

ሳምቡሳውን ስዘረጋላት አንዴም አላቅማማችም። እዚያው ቆማ ሁለት በላች፤ ሚጥሚጣው ዓይኗን አስነባት፣ ሦስተኛውንም አነሳች። የሰዒድን ብስክሌት መጋዘኑ ውስጥ አስገባንለት፤ በመኪናው መጥቶ ይወስደዋል።

ልሄድ ስነሳ ዶና መንገዱ ሩቅ መሆኑን አይታ፣ ብስክሌቷን ከፒክአፑ ጭና ቤቴ ልታደርሰኝ እንደምትችል ነገረችኝ። አይ አልኳት። ጣቷን አወጣችና ደገመችልኝ። አይ። ሦስተኛም ጠየቀችኝ።

«አይ። ይሄኛው የእውነት ነው» አልኳት። «መንዳት ስለምፈልግ።»

5፡45 — ቤት

ስለ መልሱ መንገድ ብዙ ማስታወሻ የለኝም። ቀይ መብራት በደረስኩ ቁጥር ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ፤ አረንጓዴ ሲበራም ጥቂት ቆየሁ፣ እንዲሁ ቆሜ። በቆሎው፣ ሐይቁ፣ ወንዙ ወደ ኋላ አለፉ። ከዶና ገዝቼ ቅርጫቱ ውስጥ ያስቀመጥኩት እንጆሪ እስከ ክሊቭላንድ አቬኑ ድረስ ሸተተኝ።

እናቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ጉልበቴን ነው። ቀጥላ ብስክሌቷን ዞራ መረመረች፤ መሐሏ ዝቅ ያለውን ብረት በእጇ ዳሰሰች።

«ስንቴ ጠየቀችሽ?» አለችኝ።

«ሦስቴ።»

እናቴ አንዲት እንጆሪ አንስታ በላች።

«ጨዋ ሴት ናት» አለች። «እኔ ድሮም ብያለሁ።»