ለእናቴ እውነቱን የነገርኩበት ዓመት

ናይሮቢ በገባን በአራተኛው ዓመት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ መሃል ከተማ፣ ከሌላ ነጋዴ ላይ ቆርሶ በተከራያት አንዲት ጥግ ሞባይል ይጠግናል። እኔ ዌስትላንድስ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት እቆርጣለሁ። የእሱ ገቢ በየቀኑ፣ የእኔ በየወሩ ይገባል። ሁለታችንም ሠራተኞች ነን፤ መጠጥ አናውቅም፤ ያለችንም አንዲት ልጅ ናት። ሆኖም ወሩ ሳይጋመስ ገንዘባችን ያልቅና ከሥር ካለው ሱቅ በዱቤ መውሰድ እንጀምራለን።

ኬንያውያን ያንን ርካሽ ጎመናቸውን ሱኩማ ዊኪ ይሉታል፤ ሳምንቱን ግፋው እንደ ማለት ነው። እኛም ሳምንቱን በጎመን መግፋት ለምደን ነበር። እንግዳ ከመጣ ግን ሥጋ አይጠፋም። ያኔ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገሩ ልጆች በናይሮቢ በኩል ያልፉ ነበር። ባለቤቴ የአገሩን ልጅ መንገድ ላይ ካገኘ ይዞት ይመጣል፤ ሁለተኛው መኝታ ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

"ምን ላድርግ? የጎረቤታችን ልጅ እኮ ነው፤ አላየሁህም ልበለው?" ይለኛል።

አልቆጣውም፤ እኔም የራሴ ነበረኝ። ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት አዲስ አበባ ለእናቴና ለታናሽ ወንድሜ እልካለሁ። ስንት እንደምልክ ባለቤቴ ጠይቆኝ፣ እኔም ነግሬው አላውቅም። አንድ ጊዜ ዌስትላንድስ ካለ ትልቅ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት የተነሳነውን ፎቶ ልኬላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ዛሬ ጫማ፣ ነገ የኮምፒውተር ኮርስ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የጓደኛው ሠርግ አለበት። ያንን ፎቶ ልኬ "የለኝም" ማለት አፌ እንቢ አለኝ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን አንድ ቀን ጠዋት፣ ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሼ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ስጠብቅ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ተመልሳ መጣች። አምስት ዓመቷ ነበር።

"ማሚ፣ ቲቸር ስኩል ፊ ሳትከፍሉ አትምጪ አለችኝ። እኛ ፑር ነን እንዴ?"

"አይ፣ ደሃ አይደለንም" አልኳት።

"ታዲያ ለምን አንከፍልም?"

የዚያን ቀን ሥራ ቀርቼ እጇን ይዤ ባለቤቴ ጋ ሄድኩ። የአንድ ደንበኛ ስልክ ፈታቶ ይዞ ነበር። ልጃችን ጥያቄዋን ለእሱም ደገመችለት። መፍቻውን አስቀምጦ የራሱን ሞባይል ከኪሱ አወጣ፤ ሲሙን ነቀለና አጠገቡ ለሚሠራው ነጋዴ እዚያው ሸጠለት። ክፍያው በማግስቱ ተከፈለ።

እሑድ ከቸርች መልስ ልጃችን ጎረቤት ልትጫወት ስትሄድ ባለቤቴ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"በይ ገንዘብሽ የት እንደሚሄድ ንገሪኝ፤ እኔም የእኔን እነግርሻለሁ" አለኝ።

ነገርኩት። እሱም ነገረኝ። ለመንገደኞቹ ምሳ፣ ለአንዱ የአውቶቡስ፣ ለሌላው የስልክ፣ ተመልሶ የማይመጣ ብድር። ስንደምረው ለሌላ ሰው የሚወጣው ከቤት ኪራያችን ይበልጥ ነበር። እንጣላለን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ሳቀ።

"እኔ አንቺ ታስቀምጫለሽ ብዬ ነበር እኮ።"

"እኔም አንተ ታስቀምጣለህ ብዬ!"

ሳቁ ሲበርድ ዙሪያውን ተመለከተና "ይሄ ቤት ራሱ ነው እንግዳ የሚጠራው። እንልቀቀው" አለኝ። እኔ ደግሞ ለእናቴ እደውላለሁ አልኩት። የእኔ ነበር የከበደው።

ያኔ ለውጭ አገር ጥሪ ኢስትሊ ውስጥ በደቂቃ የሚያስከፍሉ የስልክ ቤቶች ነበሩ። የእንጨት ሳጥን በመሰለችው ክፍል ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው መላክ አልችልም።"

"ታመምሽ እንዴ?"

"አልታመምኩም።"

"ባልሽ ከሥራ ወጣ?"

"ኧረ አይደለም። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቼ ከበር መለሷት። የአንቺን መድኃኒት አላቋርጥም፤ ሌላው ግን ከአቅሜ በላይ ሆኗል።"

ቆጣሪው ደቂቃውን ይቆጥራል። አዘነችብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እኔ እኮ ተርፏት ነው የምትልከው እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ስናገር ነው የኖርኩት" አለች በመጨረሻ። "ለራስሽ ልጅ ሳትከፍዪ ለእኔ ልጅ የምትከፍዪው ምን ነክቶሽ ነው? ወንድምሽ እጁም እግሩም ደህና ነው። እኔ አናግረዋለሁ።"

ከዚያች ሳጥን ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ወንድሜ ለጥቂት ወራት አኩርፎ ቆየ፤ በኋላ ማተሚያ ቤት ተቀጠረና በራሱ ደመወዝ ስለገዛው ጃኬት ሊያወራኝ ደወለ። በራሱ ሂሳብ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነበር።

እኛም እዚያው ኢስትሊ አንድ መኝታ ብቻ ያለው ቤት ገባን። ቸርች ውስጥ አንዲት ሴት "ወረድ አላችሁ አሉ" አለችኝ። "አዎ፣ ወርደናል" አልኳት። ባለቤቴ የመጀመሪያውን መንገደኛ ያገኘ ቀን ግን ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"ቤቴ ጠባብ ነው፤ ምሳ ላብላህና ርካሽ ማደሪያ ላሳይህ አልኩት።"

"ምን አለህ?"

"እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።" ለራሱም እየገረመው ነበር። ስንት ዓመት የፈራነው ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት "የተረፈንን እናስቀምጣለን" እንል ነበር፤ ተርፎን ግን አያውቅም። አሁን መጀመሪያ አስቀምጠን የቀረውን መብላት ጀመርን። ደመወዝ የተቀበልኩ ቀን ቤት ሳልደርስ ባንክ እገባለሁ። ባለቤቴ ኢስትሊ ካሉ የአገራችን ነጋዴዎች ጋር የየቀን እቁብ ገባ። በዱቤ መውሰዱን ስናቆም ባለሱቁ የተቀየምነው መስሎት ነበር። ሁሌ ጎበዝ ነበርን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ወር ላይ ዓይኔ ያረፈበትን መጋረጃ ገዝቼ የዚያን ወር ቁጠባ በልቼዋለሁ። ባለቤቴ መጋረጃውን አይቶ "ያምራል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ባንኩ ይመር" ብቻ አለኝ።

ከኬንያ ምርጫ በኋላ በተነሳው ሁከት ከተማዋ የታወከች ጊዜ ማታቱ ቆመ፤ መሃል ከተማም ሱቆች ተዘጉ። ባለቤቴ ቤት ዋለ፣ እኔም ቢሮ መሄድ አልቻልኩም። ውጪው ያስፈራ ነበር፤ ስለ ኪራይና ስለ ዱቄት ግን አልፈራንም፤ ለክፉ ቀን ብለን ቤት ያስቀመጥነው ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ነበረን። ከጎናችን የምትኖረው ኬንያዊት አትክልት ሻጭ ናት፤ ገበያ መውጣት አቅቷት ልጆቿን ይዛ ተቀምጣለች። ያለንን አብረን በላን። እሷ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ታገነፋለች፣ እኔ ወጡን እሠራለሁ። ሰው አበላሁ ካልኩ ያን ጊዜ ነው፤ ከይሉኝታ ሳይሆን ኖሮን ነው ያካፈልነው።

ከተማዋ ስትረጋጋ እቁቡ ለባለቤቴ ወጣ። ዕጣህን ሽጥልን ያሉት ነበሩ፤ አልሸጠም። መሃል ከተማ አንድ ሙሉ ሱቅ በራሱ ስም ተከራየ። የተፈራረመ ዕለት ልጃችንን ይዤ ሄድኩ። የተረከበውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ በሩ ላይ ቆሟል፤ ውስጡ ገና ከአቧራ በቀር ምንም የለበትም።

"ዛሬ ምሳ ውጪ እንብላ" አልኩት።

"ከየትኛው ገንዘብ?" አለኝ ኮስተር ብሎ።

"ከደስታው።" በየወሩ ለደስታ ብለን ትንሽ ትንሽ መለየት ጀምረን ነበር። ልጃችን "ኛማ ቾማ!" ብላ ጮኸች። ባለቤቴ አዲሱን ሱቅ ቆለፈ፤ ሦስታችንም የተጠበሰ ሥጋ ወደሚሸተው መንገድ ተሻገርን።