ዮሶጂ ከሰል የበተነበት ተዳፋት

በመከር የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ የዮሶጂን ቤት አልጣለውም፤ ምሰሶዎቹ ዘመም ብለው ቆሙ። መንገዱ ግን ተቆርጦ ስለነበር መንደራችን በሙሉ ከተራራው ወርዶ ከተማው ዳር በተሠሩ ጊዜያዊ ቤቶች ከረመ። የዮሶጂን ሚስት ኪኑን ኑሮው አልለመድ አላት። ግድግዳው ስስ ነውና የጎረቤት ሳል እየሰማች ታድራለች፤ ለጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ታወራለች፤ እህልም መቅመስ ተወች። ሩዝ እስኪተከል ቤቴ ካልገባሁ እሞታለሁ አለችው፣ እንደ ቀልድ አድርጋ። ትገቢያለሽ አላት።

መጋቢት ላይ መንገዱ ለእግረኛ ሲከፈት ዮሶጂ በየማለዳው እየወጣ፣ አባቶቹ ሲያደርጉት እንደኖሩት፣ ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት በረዶው ላይ የከሰል ብናኝ ይበትን ጀመር። የጠቆረ በረዶ ፀሐይ ይስባል፤ ቶሎ ይቀልጣል። እኛ ጋ ወንዝ የለም። የሩዙ እርከንም፣ ቀያይ የጌጥ ዓሦች የሚያረባበት ኩሬም የሚጠብቁት ያንን ውሃ ነው።

በመንቀጥቀጡ መሬቱ ከሥር መሰንጠቁን ያውቃል። በመከር ዱላውን ስንጥቁ ውስጥ ሰድዶ መጨረሻውን አላገኘውም። ከዚያ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ በረዶ ወረደበትና ስንጥቁ ከዓይንም ከልብም ራቀ።

የመንደሩ ሊቀመንበር ታኬዞ አንድ ቀን ተከትሎት ወጣ።

«ጋሼ፣ መሬቱ ገና አልረጋም፤ ዘንድሮ እንኳ በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። ተዉት።»

«ኪኑን አንተ ታባብልልኛለህ? ከእሷ ተራራው ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ አይነጫነጭም።»

ሳቁ። ዮሶጂ መበተኑን ቀጠለ።

በረዶው ከቀን ወደ ቀን ሳሳ፤ ኩሬው ግን አልሞላም፣ ቦዩም ደረቅ ነበር። ታኬዞ ታዲያ ውሃው የት እየገባ ነው ብሎ ጠየቀው። ገና በደንብ ስላልቀለጠ ነው አለ ዮሶጂ፤ ከሰል ጨመረበት። ውሃው ይሄን ሁሉ ጊዜ ወደ ስንጥቁ ሲወርድ ነበር።

ሞቅ ያለ ነፋስ በነፈሰበት ቀን፣ ዮሶጂ መንገዱ ዳር ምሳውን ሊበላ ወርዶ ሳለ ተዳፋቱ ተንቀሳቀሰ። መሬቱ አልቸኮለም። ዛፎቹ እንደቆሙ ከአፈሩ ጋር ወረዱ። ቤቱም እንደቆመ ትንሽ ተጓዘ፤ ሸለቆው አፋፍ ሲደርስ ታጥፎ ፈረሰ።

ታኬዞ ደርሶ፣ ደግፎ ወደ ጊዜያዊ ቤቱ ይዞት ወረደ። ኪኑ ወደ ቤቷ ልትመለስ አልጋ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ተቀምጣ ነበር።

«ቀለጠ?» አለችው።

«ቀለጠ።»

«ኩሬውስ?»

ዮሶጂ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ ይጠርግ ጀመር። ጠበቀችው፤ ከዚያ ሌላ አልጠየቀችም።

ሩዝ ሳይተከል ሞተች። የለቅሶው ዕለት ዮሶጂ ታኬዞ አጠገብ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተራራውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለው። ታኬዞ «አይደለም» ሊለው ፈልጎ ነበር። ሳይለው ቀረ።