ሁለተኛው ሰውዬ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስመለስ፣ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን አንድ የቆየ ተውኔት እያነበብኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ «ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ስለ አንድ ጀግና ነው፣ አያ። መጀመሪያ ንጉሡን ገደለ፤ ከዚያ ወዳጁን፤ በመጨረሻ ሕፃናት እንኳ አልቀሩትም።»

«ምነው? አንዱ አይበቃውም?»

«ከመጀመሪያው በኋላ ቀለለው።»

«እውነት ነው፤ ይቀላል» አሉ ረጋ ብለው።

ከጋቢያቸው ሥር ጎኔን ሲጎረብጠኝ የቆየው ነገር ሽጉጥ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የጀግናን ወደ ክፋት መውረድ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ካለ ሰው ጎን ተቀምጬ ግን አላውቅም።

«መመለስ አይችልም ነበር?» አሉኝ አዛውንቱ።

«ይችል ነበር» አልኩ። «ከሁለተኛው በፊት።»

ጎንደር ከሩቅ ስትታይ፣ «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ሲነሡ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«የእኔ ሁለተኛው ሰውዬ ያለው እዚያ ጎንደር ነው። እንግዲህ ልመለስ።»